አንድ ቢራቢሮ በስንት ልብስ?

ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ከሚገኙት ከሰበታ፣ ከቡራዩ ወይም ከሱሉልታ ተነሥቶ ወደ መናገሻ ሱባ ደን ለመስክ ትምህርት የወጣ ተማሪ በደብተሩ ላይ «ቢጫ ቢራቢሮ፣ ጥቁርና ነጭ ቢራቢሮ፣ ብርቱካናማ ቢራቢሮ» ብሎ ቢጽፍ፣ ሦስት ዝርያ መዘገበ ማለት እንችላለን? አንዱን ዝርያ ሦስት አድርገን ብንቆጥር የደኑ ሀብት ያለ አግባብ ይገናል። ሦስቱን አንድ ብናደርግ ደግሞ ሁለቱ ሲጠፉ ልብ የሚል አይኖርም።

ለአብነት የምንወስደው በሳይንሳዊ ስሙ ፓፒሊዮ ዳርዳነስ የተባለውን የአፍሪካ የጫካ ቢራቢሮ ነው። የወንዱ ክንፍ ፈዛዛ ቢጫ ሲሆን ጠርዙ ጥቁር ነው፤ የኋላ ክንፉም ጅራት መሰል ቅጥያ አለው። ሴቷ ግን በአብዛኛው የአፍሪካ ክፍል ጅራት የላትም፣ ወንዱንም አትመስልም። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው እንኳ ስለማይመሳሰሉ የቀድሞ ሊቃውንት የየራሳቸው ዝርያ አድርገው ሰይመዋቸው ነበር። በደቡብ አፍሪካ ይሠራ የነበረው ሮላንድ ትሪመን እ.ኤ.አ. በ1869 ባሳተመው ጥናት ሁሉም አንድ ዝርያ ናቸው ሲል ያልተቀበሉት ነበሩ። ከአንዲት እናት እንቁላሎች መልካቸው የተለያየ ልጆች መውጣታቸው በኋላ ሲታይ ግን ክርክሩ አበቃ።

የሀገራችን ንዑስ ዝርያ ከዚህም ለየት ይላል። ስሙ አንቲኖሪ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1882 በሸዋ ያረፈውን ጣሊያናዊ ተጓዥ ኦራዚዮ አንቲኖሪን በማሰብ ፈረንሳዊው ኦበርቱር በ1883 ሰየመው። በኢትዮጵያ ደጋዎች አብዛኞቹ ሴቶች ልክ እንደ ወንዱ ቢጫና ባለጅራት ናቸው። ጥቂቶቹ ጥቁርና ነጭ ወይም ብርቱካናማ ልብስ ይለብሳሉ፤ ሆኖም እነዚህም ቢሆኑ ጅራታቸውን አልጣሉም።

ለመሆኑ ልብስ መለወጡ ምን ይጠቅማል? ብርቱካናማዋ የምትመስለው ዳናውስ ክሪሲፐስ የተባለችውን ቢራቢሮ ነው። የዳናውስ እጭ ወተት መሰል ፈሳሽ ያላቸውን ዕፅዋት እየበላ መርዛቸውን በአካሉ ያጠራቅማል፤ አንድ ጊዜ የቀመሳት ወፍም ብርቱካናማ ክንፍ ባየ ቁጥር ይሸሻል። መርዝ የሌላት ፓፒሊዮ በዚህ ፍርሃት ትጠለላለች። አስመሳዮቹ ከበዙ ግን ወፎች ማታለሉን ይነቁበታል፤ በአንድ መልክ ከመብዛት በተለያየ መልክ መከፋፈል የሚያዋጣውም ለዚህ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ክላርክና ሼፐርድ በሊቨርፑል ባካሄዱት የማዳቀል ሙከራ የሴቶቹን መልክ በዋናነት የሚወስነው አንድ የዘር ሥፍራ መሆኑን አሳይተዋል። ይህን የመሰለ ውስብስብ ሥዕል በአንድ ማብሪያ ማጥፊያ መለዋወጡ እኛን የፊዚክስ ሰዎች ሳይቀር ያስቀናል!

ቢራቢሮ ስንይዝ ጣታችን ላይ የሚቀረው «ዱቄት» እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ተደራርበው የተነጠፉ ቅርፊቶች ነው። የአንዱ ቅርፊት ርዝመት የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው አንድ ቀለም ብቻ ነው። ቢጫው ቀለም ሐምራዊና ሰማያዊ ብርሃንን ይመጥጣል፤ ጥቁሩ ሜላኒን ደግሞ የሚያርፍበትን ብርሃን ሁሉ ለማለት በሚያስደፍር መጠን ያስቀረዋል። ቅርፊት ግን በዕድሜ ይረግፋል፣ ቀለምም ይደበዝዛል። ስለዚህ ቀለምን ብቻ አይቶ ስም መስጠት አያዋጣም።

ታዲያ በምን እንለያት? በመጀመሪያ ጅራቷን እንመለከታለን፤ ዳናውስ ጅራት የላትም። ጅራት በእሾህ ወይም በወፍ ሊቆረጥ ስለሚችል ግን ያርፍ እንደሆነ ጠብቀን እግሮቿን እንቆጥራለን። የዳናውስ የፊት እግሮች አጥረው ለመቆም ስለማያገለግሉ የምትቆመው በአራት ነው፤ ፓፒሊዮ ግን በስድስቱም ትቆማለች። ወፍ እግር አይቆጥርም፤ ተማሪ ግን ይችላል።

የፓፒሊዮ ዳርዳነስ እጭ ከሚመገባቸው ዕፅዋት አንዱ ለጥርስ መፋቂያ የምንቆርጠው ልምጭ ነው። ባሕር ዛፍ ብቻ በቆመበት ኮረብታ ላይ ለእጩ የሚሆን ምግብ ስለሌለ፣ ፍለጋውን ልምጭ ከበቀለበት የደን ጥግ መጀመር ይሻላል።