የታረደው በግ ጉበትና ሳንባ ስለ መንጋው ምን ይናገራሉ?

የገና ጾም ሲፈታ በላሊበላ ከተማም ሆነ በላስታ የገጠር ቀበሌዎች ብዙ በግ በየቤቱ ይታረዳል። በቄራ ቢሆን የሥጋ መርማሪ ጉበቱን፣ ሳንባውንና ልቡን አይቶ፣ ዳስሶና በቢላ ሰንጥቆ ይመረምራል። ምርመራው ተመጋቢውን ከመጠበቁም በላይ፣ ጤነኛ ይመስል የነበረው በግ ምን ይዞ እንደኖረ ያሳያል።

ጉበቱ ጠንክሮ፣ የሐሞት ቧንቧዎቹም ወፍረው ቅጠል መሰል ጠፍጣፋ ትል ከተገኘባቸው፣ በሽታው የጉበት ትል ነው። ትሉ በረግረግ ዳር በሚኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ስለሚራባ፣ ምልክቱ ወደ ግጦሹ ያመለክታል፤ በዚያው የጋጡ በጎችና ከብቶችም ሳይያዙ አይቀሩም።

በጉበት ወይም በሳንባ ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ከታየ ግን ምንጩ ውሻ ነው። ውሻ እንዲህ ያለውን ሥጋ ጥሬውን ሲበላ በአንጀቱ ጥቃቅን ትሎች ያድጋሉ። ከዓይነ ምድሩ የሚወጣው እንቁላል ሣርን፣ ውኃንና የልጆችን እጅ ይበክላል፤ በሰው ጉበትና ሳንባም ከረጢቱ ለዓመታት ሳይታወቅ ሊያድግ ይችላል።

ከቆዳ ሥር የረጋ ደም ደግሞ በጉ ከመታረዱ በፊት መመታቱን ወይም በጉዞ መጎዳቱን ይመሰክራል።

ስለዚህ የታመመ ጉበትና ሳንባ ለውሻ አይጣልም፤ ይቃጠላል ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ ይቀበራል። ያየውን ለአካባቢው የእንስሳት ጤና ባለሙያ የሚያስረዳ አርሶ አደር የቀሩት በጎቹ በወቅቱ ትክክለኛውን መድኃኒት እንዲያገኙ ያደርጋል።