በቡፌው ውስጥ የተቀመጠው ብቸኛ ቅጂ

በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ፣ ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ በታች ያለውን የቡፌ በር የከፈተ ሰው ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነገር ያገኛል። የቆየ የመብራት ደረሰኝ፣ የማይሠራ ሪሞት፣ የሠርግ አልበም፣ ከአልበሙ ሥር ደግሞ በፌስታል የተጠቀለሉ ሲዲዎች። ከሲዲዎቹ ገሚሶቹ ከሱቅ የተገዙ የአማርኛ ፊልሞች፣ መዝሙሮችና የባህል ዘፈኖች ናቸው። የቀሩት ላይ በእስክሪብቶ «ሠርግ፣ ክፍል 1»፣ «መልስ» ወይም «ክርስትና» የሚል ተጽፎባቸዋል። ማጫወቻው ከተበላሸ ቆይቷል። ልጆቹ ፊልም የሚያዩት በስልክ ነው። ስለዚህ ለበዓል ቤት በተጸዳ ቁጥር ያው ጥያቄ ይነሳል፤ ይጣል ወይስ ይቀመጥ?

መልሴን አስቀድሜ ልናገር። አይጣል። ነገር ግን ማስቀመጥ ብቻውንም አያድነውም። ለምን እንደሆነ ለመረዳት፣ ፊልም በሲዲ አውጥቶ መሸጥ እንዴት ያለ ንግድ እንደነበረ፣ ማን እንዳተረፈበትና ማን እንደከሰረበት ማየት ይጠቅማል።

ሁለት ሲዲ፣ አንድ ፊልም

የአማርኛ ፊልም ከሲዲ በፊት የጀመረ ነው። «ሂሩት አባቷ ማነው?» በ1957 ዓ.ም. ለእይታ የበቃው በሴሉሎይድ ተቀርጾ ነው። በዚያ መንገድ ፊልም መሥራት ጥሬ ፊልሙም፣ እጥበቱም፣ ቅጂ ማባዛቱም ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። በዚህም ምክንያት ለብዙ ዓመታት የተሠሩት የአገራችን ፊልሞች በጣት የሚቆጠሩ ሆነው ቆዩ። ነገሩን የለወጠው ቪዲዮ ነው። መጀመሪያ የቪኤችኤስ ካሴት መጣ። በ1990ዎቹ ደግሞ ዲጂታል ካሜራና ኮምፒውተር ተጨመሩ። በዚያ አሥርት ዓመት አጋማሽ እንደ ቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን» ያሉ ሥራዎች፣ ሕዝቡ የአማርኛ ፊልም ለማየት ገንዘብ ከፍሎ እንደሚሰለፍ አሳዩ።

አካሄዱ እንዲህ ነበር። ፊልሙ በመጀመሪያ በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች ይታያል። ቀጥሎ በክልል ከተሞች አዳራሾች ይዞራል። ተመልካቹ ሲቀንስ በቪሲዲ ይወጣል። ቪሲዲ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣ አሠራር ሲሆን በአንድ ሲዲ ላይ 74 ደቂቃ ያህል ፊልም ይይዛል። የሁለት ሰዓት ፊልም ስለዚህ ሁለት ሲዲ ይፈልጋል። ታሪኩ ልብ በሰቀለበት ቦታ ላይ ተነስተን ሁለተኛውን ሲዲ ስንቀይር የነበረው በዚሁ ምክንያት ነው። ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት ስለሚይዝ ፊልሙን ሙሉውን፣ ያውም በጠራ ምስል ይችለዋል። ይሁንና ሲዲው ርካሽ፣ ማጫወቻውም በየቤቱ የሚገኝ ስለነበር ወደ ገጠር ከተሞች በብዛት የገባው ቪሲዲ ነው።

ሒሳቡን በምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያህል የወሰድኳቸው ናቸው። አንድ አሳታሚ የፊልሙን መብት ለመግዛት፣ ለሽፋንና ለማስታወቂያ 100,000 ብር አወጣ እንበል። እያንዳንዱ ቅጂ 5 ብር ፈጅቶበት ለቸርቻሪ በ15 ብር ቢያስረክብ ከአንዱ ቅጂ 10 ብር ይተርፈዋል። ያወጣውን ለመመለስ ብቻ 10,000 ቅጂ መሸጥ አለበት። ኮፒ አድርጎ የሚሸጠው ሰው ግን ያንን 100,000 ብር አላወጣም። ባዶ ሲዲና አንድ ኮምፒውተር ይበቃዋል። 5 ብር አውጥቶ በ8 ብር ቢሸጥ፣ ከመጀመሪያው ቅጂ ጀምሮ አትራፊ ነው።

ይህንን ለመከላከል የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጣ፤ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሻለ። ሕጉ ቢኖርም በየገበያው ሸራ ዘርግቶ የሚሸጠውን ሁሉ መድረስ ከባድ ነው። በገዢው ብቻ መፍረድም አይገባም። ሸራው ላይ ያለውን ሲዲ የገዛ የገጠር ሰው ብዙ ጊዜ ዋናውንና ኮፒውን አጠገብ ለአጠገብ አይቶ የመምረጥ ዕድል አልነበረውም።

ከሲኒማ ቤት የራቀ ተመልካች

ከአዲስ አበባ ተነስቶ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ፣ ደብረ ማርቆስንና ደምበጫን አልፎ ፍኖተ ሰላም ለሚደርስ ፊልም መንገዱ ረጅም ነው። በዚህ አገር ፊልም ማለት ለብዙ ጊዜ ቪዲዮ ቤት ማለት ነበር። አግዳሚ ወንበር፣ በጨርቅ የተጋረደ መስኮት፣ መብራት ሲጠፋ የሚነሳ ጀነሬተር፣ በር ላይ የሚከፈል ጥቂት ብር። የሕንድ ፊልምም፣ የድብድብ ፊልምም፣ የአማርኛ ድራማም እዚያው ይታያል። ከጃቢ ጠህናን ወይም ከወምበርማ ቀበሌዎች በርበሬና በቆሎውን ይዞ ለገበያ የመጣ ወጣት፣ ወደ ቤቱ ከመመለሱ በፊት አንድ ፊልም አይቶ ይሄዳል። ቴሌቪዥንና ማጫወቻ ያለው ደግሞ ሲዲውን ገዝቶ ይመለሳል። ጎረቤቱም ተሰብስቦ ያየዋል።

ከነዚህ ሲዲዎች መካከል ተመልካቻቸው ጥቂት የሆኑ ሥራዎች ነበሩ። የጎጃም እስክስታ፣ የአካባቢው ቀረርቶና ሽለላ፣ የአገሬው የማሲንቆ ተጫዋች ያወጣቸው ዘፈኖች ለዚህ ምሳሌ ናቸው። እንዲህ ያለው ሥራ ከደብረ ማርቆስ እስከ ባሕር ዳር ባለው መንገድ ሊሸጥ ይችላል። ከዚያ ውጭ ግን ፈላጊው ያንሳል። አሥር ሺህ ገዢ ስለማይኖረው የሚወጣው በትንሽ ቁጥር ነው። ሲያልቅም ደግሞ ማሳተም አያዋጣም። አሳታሚው ሥራውን ከቀየረ፣ ወይም ዋናው ቅጂ የተቀመጠበት ሃርድ ዲስክ ከተበላሸ የሚቀረው በሰዎች ቤት ያለው ሲዲ ብቻ ነው።

ማንም ኮፒ አድርጎ የማይሸጠው ፊልም

በሲዲ ከወጡት ፊልሞች ሁሉ እጅግ ጥቂት ተመልካች ያለው የትኛው ነው ብባል የሠርጉ ፊልም ነው እላለሁ። እንደ ንግድ ሲታይ ግን ከሁሉም ይልቅ ሒሳቡ የተስተካከለ ነበር። ፎቶ ቤቱ ቀብድ ይቀበላል፣ በጥር ወይም ከፋሲካ በኋላ ሠርጉን ይቀርጻል፣ ኤዲት አድርጎ ሲያስረክብ ቀሪውን ይቀበላል። ማስታወቂያ የለ፣ የሚከሰርበት ክምችት የለ። ኮፒ አድርጎ ገበያ የሚያወጣውም የለም፤ ከሁለቱ ቤተሰብ በቀር ማን ይገዛዋል? ተመልካቹ ራሱ አስቀድሞ ከፍሎበታል።

ጉድለቱም ከዚሁ ይመነጫል። የሚታዘዘው ቅጂ ሁለት ወይም ሦስት ነው። አንዱ ለሙሽራው ቤት፣ አንዱ ለሙሽሪት ቤት፣ ካስፈለገም አንዱ ውጭ አገር ላለ ዘመድ። ፎቶ ቤቱ ሥራው ሲበዛና ኮምፒውተሩ ሲሞላ የቆየውን አጥፍቶ ለአዲሱ ቦታ ይለቃል። በዚህ ሊወቀስ አይገባም፤ የተከፈለው ለመቅረጽ እንጂ ሃያ ዓመት ለማስቀመጥ አይደለም።

ፊልሙ ላይ ያለው ደግሞ ሙሽሮቹ ብቻ አይደሉም። ዳሱ ውስጥ ተቀምጠው የሚመርቁ ሽማግሌ፣ ቀረርቶ የሚያሰሙ አያት፣ እንጀራ የሚያቀርቡ አክስት፣ ከኋላ ሲሯሯጥ የነበረ፣ ዛሬ የቤተሰብ ኃላፊ የሆነ ሕፃን አለ። ብዙ የገጠር አያቶች በሕይወታቸው ድምፃቸው የተቀረጸው በአንድ ዘመድ ሠርግ ላይ ብቻ ነው። ፎቶግራፋቸው ሌላ ቦታ ሊገኝ ይችላል፤ ሲናገሩ የሚሰሙት ግን እዚያ ሲዲ ላይ ነው።

ጥቂቶች የጠበቁት ሥራ

ተመልካቹ ጥቂት ነው የተባለ ፊልም ሊኖር እንደሚችል ያሳየ የኛው ሰው አለ። ጎንደር ተወልዶ በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1993 «ሳንኮፋ»ን ሲያወጣ በአሜሪካ አከፋፋይ አላገኘም። እሱና ባልደረቦቹ ግን ሲኒማ ቤት እየተከራዩ ከከተማ ከተማ አሳዩት። በኋላም በቪዲዮ አውጥተው ራሳቸው ሸጡት፤ በዚሁ በፊልሙ ስም የተሰየመ የመጻሕፍትና የቪዲዮ መደብርም በዩኒቨርሲቲው አጠገብ ከፈቱ። ፊልሙ ታድሶ እ.ኤ.አ. በ2021 በኔትፍሊክስ ሲወጣ ሃያ ስምንት ዓመት ሆኖት ነበር። ለዚያ የበቃው በመሃል ጠብቀው ያቆዩት ሰዎች ስለነበሩ ነው።

በውጭው ዓለም ይህ ራሱን የቻለ ንግድ ሆኗል። ክራይቴሪየን የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆዩና የተረሱ ፊልሞችን አድሶ፣ ከማብራሪያ ጽሑፍ ጋር፣ ከተለመደው ከፍ ባለ ዋጋ ለሰብሳቢዎች ይሸጣል። በአንጻሩ ዲቪዲ በፖስታ በማከራየት የተነሳው ኔትፍሊክስ ያንን አገልግሎት በመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. ዘግቶታል። ብዙኃኑ ከሲዲ ሲወጣ ጥቂቶቹ ዋጋውን ተሸክመው ቀሩ ማለት ነው። ጥቂት ሰው የሚፈልገው ሥራ የሚቆየው እነዚያ ጥቂቶች ወጪውን ሲካፈሉት ብቻ ነው። ለቤተሰብ ፊልም እነዚያ ጥቂቶች እናንተ ናችሁ።

«ዩቲዩብ ላይ አለ» የሚለው መልስ

ዛሬ አዳዲስ የአማርኛ ፊልሞች በብዛት የሚወጡት በዩቲዩብ ነው። ይህ ለሠሪውም ለተመልካቹም ጥቅም አለው። ሆኖም በቪሲዲ ዘመን የወጣው ሁሉ እዚያ አልተጫነም። የተጫነውም ሊነሳ ይችላል። ደግሞም መረብ በሌለበት ዩቲዩብ የለም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ሲቋረጥ፣ ያኔ የሚታየው በእጅ ያለው ብቻ ነበር። በሲዲ፣ በፍላሽና በሚሞሪ ካርድ ያለ ፊልም የማንንም መረብ አይጠይቅም።

ሲዲ ራሱ ግን ዘላለማዊ አይደለም። ገልበጥ አድርጋችሁ ሥሩን ተመልከቱ። ነጭ ብርማ ከሆነ ብዙውን ጊዜ በፋብሪካ የታተመ ነው፤ ረጅም ዕድሜ አለው። ወደ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ የሚወስደው ከሆነ በኮምፒውተር የተጻፈ ነው። የዚህኛው መረጃ የተጻፈው ብርሃንና ሙቀት በሚያበላሸው ቀለም ላይ ነው። የሠርግ ፊልሞች ሁሉም ማለት ይቻላል ከዚህ ወገን ናቸው። ስለዚህ ቅድሚያ የሚሰጣቸው እነሱ ናቸው።

ለማዳን ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ዋና ዋናውን ልዘርዝር።

መጀመሪያ ሲዲውን በለስላሳ ንጹሕ ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር ጥረጉ፤ ዙሪያውን አትሹት። በተጻፈበት በኩል አትፋቁት፣ ወረቀትም አትለጥፉበት፤ በሲዲ ላይ መረጃው ያለው ከዚያው ከጽሑፉ ሥር ነውና። ከዚያ የሲዲ ማስገቢያ ያለው ኮምፒውተር ወዳለው ፎቶ ቤት ወይም ኮምፒውተር ቤት ውሰዱት። ፊልሙ ወደ ፍላሽ ወይም ሃርድ ዲስክ እንዲገለበጥላችሁ ጠይቁ። አንድ ቪሲዲ ከ700 እስከ 800 ሜጋባይት ገደማ ስለሆነ፣ ባለ 64 ጊጋባይት ፍላሽ ወደ 80 የሚጠጋ ይይዛል። የቪኤችኤስ ካሴት ያላችሁ ቶሎ በሉ፤ የመጨረሻው የዓለማችን የቪኤችኤስ ማጫወቻ አምራች ሥራውን ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። የሚሠራ ማጫወቻ ማግኘት ከዓመት ወደ ዓመት እየከበደ ይሄዳል።

ሁለተኛ፣ ቅጂውን በሁለት ቤት አስቀምጡ። አንዱ ፍኖተ ሰላም ካለ ሌላው ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ያለ ልጅ ጋር ይሁን። ወጪውን ወንድምና እኅት ቢካፈሉት ለእያንዳንዱ ቀላል ነው። ሲዲውንም ከተገለበጠ በኋላ አትጣሉት፤ በመያዣው ውስጥ አቁማችሁ ከፀሐይና ከምድጃ ጭስ አርቃችሁ አስቀምጡት።

ሦስተኛ፣ ከሱቅ ለተገዛው ፊልም ሕጉ ለግል መገልገያ አንድ ቅጂ ማስቀመጥን አይከለክልም። አባዝቶ መሸጥ ወይም ያለ ባለመብቱ ፈቃድ በዩቲዩብ መጫን ግን ሌላ ነገር ነው። የቤተሰቡንም ፊልም ቢሆን ሙሽሮቹን ሳትጠይቁ ለአደባባይ አታውጡት።

የመጨረሻው ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ግን ጊዜ የማይሰጥ ሥራ ነው። ፊልሙን ከአያቶች ጋር ተቀምጣችሁ እዩት። አንድ ልጅ ደብተር ይያዝ። እየቆመ «እኝህ ማን ናቸው? የማን ልጅ ናቸው? ከየት ቀበሌ መጡ?» ብሎ ይጠይቅና ከደቂቃው ጋር ይጻፍ። ምስሉን ፍላሽ ያቆየዋል፤ ስሙን ግን የሚያውቁት ጥቂት ሰዎች ናቸው፣ እነሱም በዕድሜ የገፉ ናቸው። ስም የሌለው ፊልም ለልጅ ልጆች የማያውቋቸው ሰዎች ጭፈራ ይሆንባቸዋል። ስሙ ከተጻፈ ግን የራሳቸው ቅድመ አያት ሲመርቁ የሚሰሙበት ይሆናል።