ሙሉ ልብስ ለብሶ በደረት መሄድ

ከተማ የሚሠራው ቆሞ ለሚሄድ ሰው ነው። የሱቁ መስተዋት፣ የመንገዱ ምልክት፣ ማስታወቂያው ሁሉ የሚሰቀለው በዓይናችን ትክክል ነው። ከጉልበታችን በታች ያለውን፣ አስፋልቱና የእግረኛው መንገድ የሚገናኙበትን የቦይ ጠርዝ ግን ከጠራጊውና ማደሪያ ካጣው ሰው በቀር ልብ ብሎ የሚያየው የለም። አሜሪካዊው ፖፕ ኤል መድረክ አድርጎ የመረጠው ይህንኑ ስፍራ ነበር።

በ1978 (ዓመቶቹን የምንጽፈው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ይህ በኒዋርክ ከተማ የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ከጀርባው ላይ ቢጫ አራት ማዕዘን ጨርቅ አድርጎ፣ በኒው ዮርክ ታይምስ ስኩዌር አጠገብ መሬት ላይ ወረደና በክርኑና በጉልበቱ ይሳብ ጀመር። ቲኬት አልተሸጠም፤ መጋረጃም አልተገለጠም።

ወሬውን መጀመሪያ ስናነብ እኛም ሳቅን። ይህ ኪነ ጥበብ ከሆነማ የሚድኽ ሕፃን ሁሉ አርቲስት ነው አልን። ዳሩ ግን ሰውየው ምክንያት ነበረው። ከዘመዶቹ መካከል ጎዳና ላይ ያደሩ ነበሩ። ቆሞ መሄድን ጤናና አቅም ላለው ሰው የተሰጠ ዕድል አድርጎ ይቈጥረው ስለ ነበር፣ ያንን ዕድል በፈቃዱ ሊተው ወደደ።

በይበልጥ ያሳሰበን በ1991 የሆነው ነው። ቶምኪንስ ስኩዌር የሚባለውን የኒው ዮርክ መናፈሻ የከተማው አስተዳደር በዚያው ዓመት፣ በውስጡ የሚያድሩትን ድሆች አስወጥቶ ዘግቶት ነበር። ፖፕ ኤል ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ በአንድ እጁ በማሰሮ የተተከለ አበባ ይዞ፣ በመናፈሻው ዳር ባለው ቦይ ይሳባል፤ አንድ ነጭ ሰው ፊልም ያነሣዋል። በዚህ መካከል አንድ የሰፈሩ ነዋሪ፣ እርሱም ጥቁር፣ ቀረብ ብሎ ደኅና መሆኑን ጠየቀው። ካሜራውን ሲያይ ግን ተቈጣ። ጥቁርን ሰው እንዲህ አዋርዶ ማሳየት ምን ይባላል ብሎ ካሜራ የያዘውን ተጣላው፤ እርሱ ራሱ እንደዚያ ያለ ልብስ ለብሶ ሥራ እንደሚሄድ በምሬት ተናገረ።

የመጀመሪያውን ሙሉ ልብሳችንን ከገዛን ገና ብዙ ያልቈየን ወጣቶች ስለ ሆንን ቍጣው ይገባናል። ያ ኮት ስንት የትምህርት ዓመት፣ ስንት የእናት ድካም እንደ ሆነ እናውቃለን፤ ቦይ ውስጥ ሲጐተት ማየት ቀላል አይደለም። ነገር ግን በዚያው ቦይ አጠገብ ቡትቶ የለበሰ ሰው ተኝቶ ቢሆን ኖሮ፣ ስንቶቻችን ቆመን «ደኅና ነህ ወይ?» እንለው ነበር? በእኛ አስተያየት ተቈጪው ሰው እውነት ነበረው፤ የፖፕ ኤልም ሥራ የተሳካለት እርሱ ስለ ተቈጣ ነው።

ከ2001 ጀምሮ ደግሞ የሱፐርማን ልብስ ለብሶ 22 ማይሉን የብሮድዌይ ጎዳና በየጊዜው ጥቂት ጥቂት እያለ፣ ክርኑና ጉልበቱ እስከ ቻሉለት ድረስ እየተሳበ ይሄድበት ነበር። በ2023 ዐረፈ። ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2019፣ በዚያችው በኒው ዮርክ ከ140 የሚበልጡ ፈቃደኞች እየተቀባበሉ 1.5 ማይል ያህል በአስፋልቱ ላይ ተስበውለታል።