ስንቅ ይዛ ከጣቢያ በር የቆመች እናት ምን ትጠይቅ?

ከጉና ተዳፋት ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ የማለዳው ብርድ አጥንት ይሰብራል። ገበያተኛው፣ ተማሪውና ሠራተኛው በዚያ መንገድ ሲተም፣ ከመካከሉ ነጠላዋን አጣፍታ ስንቅ ያንጠለጠለች እናት አትታጣም። ገበያ መሄዷ አይደለም። ልጇ ማታ በፖሊስ ተይዞባት ምግብ ልታቀብለው መገስገሷ ነው። እንዲህ ያለችው እናት ከጣቢያው በር ስትደርስ ስለ ምግቡና ስለ ብርድ ልብሱ ትጠይቃለች፤ ይህን ማንም አላስተማራትም። ሌላው መጠየቅ ያለባትን ግን የሚነግራት ብዙ ጊዜ አይገኝም።

የመጀመሪያው ፈተና የሚመጣው ከሠፈር ነው። ቡና ላይ "ያለ ነገር አይያዝም" የሚል ጎረቤት አይጠፋም። የልጁ ታናናሾች በትምህርት ቤት "የሌባ ወንድም" መባል ይጀምራሉ። ሕጉ የሚለው ግን ሌላ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20፣ የተከሰሰ ሰው በፍርድ ጥፋተኛ እስካልተባለ ድረስ ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብት እንዳለው ደንግጓል። ማስረዳት የከሳሹ የዐቃቤ ሕግ ፋንታ ነው። ቡና አጣጪው ከዳኛው ቀድሞ ሲፈርድ መስማት የሚያሳዝነውም ስለዚህ ነው።

እናቲቱ አስቀድማ የምትጠይቀው ልጇ የተያዘበትን ምክንያት፣ ቀንና ሰዓት ነው። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ አንቀጽ 19 ይህን በግልጽ አስቀምጧል። ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት በአግባቡ የሚያስፈልገው ጊዜ ግን ከዚህ አይቆጠርም። ይህች ሐረግ እንደ ጉና ላለ ደጋ አገር ትልቅ ቁም ነገር አላት፤ ከከተማው መካከል የተያዘና ከሩቅ ቀበሌ በእግር የመጣ ሰው ሰዓታቸው እኩል አይሰላም። ቢሆንም ጉዞው በጉዞነቱ ይታሰባል እንጂ ያለ ምክንያት ሰው ማሳደሪያ አይሆንም። ሰዓቱን በወረቀት መያዝ ይበጃል። መጻፍ የማትችል እናት የጎረቤት ተማሪ ታስጽፍ።

ፍርድ ቤት ሲቀርብ ፖሊስ ምርመራው አላለቀም ብሎ የጊዜ ቀጠሮ ሊጠይቅ ይችላል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ቀጠሮ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ ወስኗል። የዋስትና ጥያቄም የሚነሣው እዚያው ነው። በከባድ ወንጀል ዋስትና ሊከለከል ይችላል፤ ሳይጠይቁ መመለስ ግን የገዛ መብትን መጣል ነው። የተያዘችው ሴት ከሆነች ደግሞ የምትፈትሻት ሴት ልትሆን ይገባል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ልጁን ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ከወዳጅ የሚመጣ ምክር ነው። "እመንና ተገላገል፣ ይቀልልሃል" የሚለው አጎት ነው፤ አንዳንዴም እናቲቱ ራሷ ናት፤ በእንባ። በአገራችን ደጋ ሽማግሌ ገብቶ ደም የማድረቅ፣ ካሣ የመካስ ልማድ አለ። ብዙ ቂም ያበረደ መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ሽማግሌ ፊት "አጥፍቻለሁ፣ ማሩኝ" ማለትና ለመርማሪ ቃል መስጠት አንድ አይደሉም። ቤተሰቡ ቢታረቅም በከባድ ወንጀል ዐቃቤ ሕግ ክሱን ይቀጥላል፤ በመዝገብ የሰፈረውም ቃል በዕርቅ አይፋቅም።

የተያዘ ሰው ያለመናገር መብት አለው። የሚሰጠው ቃል በፍርድ ቤት ማስረጃ ሊሆንበት እንደሚችል ወዲያው ሊነገረው ይገባል። በማስገደድ የተገኘ ቃልም ተቀባይነት የለውም። ሥነ ሥርዓት ሕጉም መርማሪው በማስፈራራትም ሆነ በተስፋ ቃል እንዳያናግር ከልክሏል። ስለዚህ ጣት ቀለም ከመንከሩ በፊት "ይነበብልኝ" ማለት ድፍረት አይደለም፤ አሻራ ፊርማ ነውና። እናት ስንቅ ስታቀብል ለልጇ የምትነግረው አንድ ቃል ቢኖር፣ ያልሠራኸውን አትመን፣ ሳይነበብልህ አትፈርም የሚለው ይሁን።

ጠበቃስ? "ለጠበቃ የሚከፈል ከየት አምጥቼ" የምትል እናት ብዙ ናት። አንቀጽ 20፣ ተከሳሹ ጠበቃ ለማቆም ዐቅም ባይኖረውና በዚህም ፍትሕ የሚጓደል ቢሆን መንግሥት በራሱ ወጪ እንዲያቆምለት ያዝዛል። ቁም ነገሩ ተከሳሹ ወይም ቤተሰቡ ዐቅም ማጣቱን ለዳኛው መናገራቸው ነው። ይህ መብት ትናንት የተፈጠረ አይደለም፤ በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥትም ተጽፎ ነበር። መጻፉ ብቻውን ግን ሰው አላዳነም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ስልሳ ያህል የቀድሞ ባለ ሥልጣናትና መኮንኖች ያለ ፍርድ ሲረሸኑ ጠበቃም፣ ችሎትም አልነበረም። ሚስቶቻቸውና እናቶቻቸው መርዶውን የሰሙት ከሬዲዮ ነው። ዘመን ተገልብጦ የደርግ ባለ ሥልጣናት ራሳቸው በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. ችሎት ሲቀርቡ ግን፣ ጠበቃ ማቆም ላልቻሉት መንግሥት ተከላካይ ጠበቆች አቆመላቸው። ፍርዱ እስከ ታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ቆየ። የረሸኑትን ሰዎች የነፈጓቸውን ነገር እነርሱ አገኙ። በወቅቱ ይህ ያስቆጣቸው ቤተሰቦች ቢኖሩ አይፈረድባቸውም።

የተበዳይ እናትስ ትባል ይሆናል። ልጇ የተገደለባት ሴት በዚያው ችሎት በሌላው አግዳሚ ወንበር ላይ አለች። ለእርሷም ቢሆን የተከሳሹ ጠበቃ ምስክሩን መስቀለኛ ጥያቄ መጠየቁ ጉዳት አይደለም። የተሳሳተ ሰው ወኅኒ ቢወርድ እውነተኛው ገዳይ በጎረቤቷ ይኖራልና።

ሳይነገር የማይታለፍ አንድ ነገር አለ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ለአማራ ክልል እንደታወጀው ያለ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲኖር እንደ 48 ሰዓቱ ያሉ መብቶች ሊታገዱ ይችላሉ። ያ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. አብቅቷል። በእንዲህ ያለ ጊዜም ቢሆን ኢሰብዓዊ አያያዝን የሚከለክለው አንቀጽ 18 አይታገድም።

እናቲቱ ከመመለሷ በፊት ሁለት ነገር ታረጋግጥ፤ የቀጠሮውን ቀንና የመዝገቡን ቁጥር። ጉዳዩ በደብረ ታቦር ታይቶ ፍርዱ ካልተስማማቸው ይግባኝ አለ፤ ከዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በላይ ያለው የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ባሕር ዳር ነው። ይግባኝ ማለቱ ግን ከፍርዱ ቀን አንሥቶ በ15 ቀን ውስጥ መገለጽ አለበት፤ ሐዘንና ልቅሶ ያን ቀን ያሳልፉታል።