በደጋ ውኃ መንጠቆ መጣል

ክረምቱ አልፎ ዝናቡ ሲቆም በምዕራብ ሸዋ ወንዞች ዳር መንጠቆ ይዘው የሚቀመጡ ሰዎች ብቅ ማለት ይጀምራሉ። መስኩ በአደይ አበባ ተሸፍኗል፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ ጭቃው እየደረቀ ነው፤ ለዓሣ ከዚህ የተሻለ ቀን ያለ አይመስልም። ነገር ግን ብዙዎቹ ከጠዋት እስከ ማታ ተቀምጠው ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። ትሉ እንደተሰካ ይወጣል፤ ክሩ አንዴም አይወጠርም። «ዓሣው አልቋል» የሚል አለ፣ «ዕድል የለኝም» የሚልም አለ። ዓሣው ግን አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ነው። የማይበላው ውኃው ስለቀዘቀዘበት፣ ወንዙ ስለደፈረሰበት ወይም ወቅቱ የመራቢያው ስለሆነ ነው።

መንጠቆ መጣል ከዓሣ ማስገር ሥራዎች ሁሉ ትንሽ ዕቃ የሚጠይቀው ነው። የቀርከሃ ወይም የሸምበቆ ዘንግ፣ ናይሎን ክር፣ መንጠቆ፣ ክሩን ወደ ታች የሚጎትት ትንሽ እርሳስ ወይም ጠጠር፣ ዓሣ ሲነክስ የሚጠልቅ የቡሽ ቁራጭ ይበቃል። ትሉ ከወንዙ ዳር ከእርጥብ አፈር ይቆፈራል፤ በትል ፋንታ ሊጥም፣ የሥጋ ቁራጭም ይሆናል። ከመረብ የሚለየው ግን በዕቃው ማነስ ብቻ አይደለም። መረብ የሚዋኘውን ይይዛል፤ ዓሣው ራበው አልራበው ለመረቡ ለውጥ የለውም። መንጠቆ የሚይዘው ሊበላ የመጣውን ዓሣ ብቻ ነው። ስለዚህ መንጠቆ ጣይ ከሁሉ አስቀድሞ ማወቅ ያለበት የዓሣውን ረሃብ ነው፤ የዓሣን ረሃብ የሚወስነው ደግሞ ውኃው ነው።

የዚህ አካባቢ ውኃ ደግሞ የደጋ ውኃ ነው። አምቦ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከእርሷ በስተደቡብ መሬቱ እየወጣ ሄዶ ሁለት የጥንት እሳተ ገሞራዎች ላይ ያደርሳል። በጊንጪ በኩል ያለው ደንዲ በጠባብ መተላለፊያ የተገናኙ ሁለት ክብ ሐይቆችን ታቅፏል። ወንጪ በአስተዳደር የደቡብ ምዕራብ ሸዋ ቢሆንም የአምቦ ሰው እንደ ራሱ የሚቆጥረው ሐይቅ ነው፤ ገጹ 2,890 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ነው፣ ጥልቀቱ ከ100 ሜትር ያልፋል፣ በደሴቱ ላይ የቂርቆስ ገዳም አለ። የሁሉቃ ወንዝ ከደንዲ ተነሥቶ አምቦን አቋርጦ ከጉደር ጋር ይገናኛል፤ ጉደር ወደ ሰሜን ወርዶ ዓባይ ውስጥ ይገባል። የወንጪ ትርፍ ውኃ በዋልጋ ወንዝ በኩል ወደ ጊቤና ወደ ኦሞ ይሄዳል። አዋሽ ደግሞ ከጊንጪ ብዙም ሳይርቅ ይነሣል። አንድ ሰው በአንድ ቀን ጉዞ የሦስት ታላላቅ ተፋሰሶችን ራስ ማየት የሚችልበት አገር ነው፤ ይህን ያህል የውኃ ባለጸጋ ሆኖ ስለ ዓሣው ይህን ያህል ትንሽ የተነገረለት ቦታ መኖሩ ያሳዝነኛል።

ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀዘቅዛል። ዝዋይ ሐይቅ 1,640 ሜትር አካባቢ ላይ ነው፤ ወንጪ ከእርሱ ከ1,200 ሜትር በላይ ይበልጣል። የአየሩ ልዩነት ውኃውም ውስጥ ይገባል። ዓሣ ደግሞ እንደ ሰውና እንደ በሬ የራሱን ሙቀት አያመነጭም፤ የገላው ሙቀት የውኃው ሙቀት ነው። ውኃው ሲቀዘቅዝ የልቡ ምት ይዘገያል፣ የበላው ቶሎ አይፈጭለትም፣ ትናንት የበላው ለዛሬም ይበቃዋል። ትሉን አጠገቡ ቢያገኘው እንኳ ተነሥቶ ለመያዝ የሚያወጣው ጉልበት ከሚያገኘው አይመጣጠንም። እምቢታው ከዚህ የሚመጣ ነው፤ መንጠቆውን አይቶ የተጠራጠረ ብልኅ ዓሣ ከምናስበው በላይ ጥቂት ነው።

በሐይቆቹ ውስጥ መንጠቆ የሚጠብቀው ዋናው ዓሣ ቆሮሶ ነው። ቆሮሶ ከሥረ መሠረቱ የሞቃት ውኃ ዓሣ ነው። እነዚህ የተራራ ሐይቆች ውስጥም ያስገባው ሰው ነው። ሰበታ የሚገኘው ብሔራዊው የዓሣ ምርምር ማዕከል ለረጅም ዓመታት የቆሮሶ ጫጩት እያራባ ወደ አገሪቱ ሐይቆችና ግድቦች ሲያሠራጭ ኖሯል። ቆሮሶ በደንብ የሚያድገው ውኃው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሲሆን ነው። ከ20 ዲግሪ በታች መራባቱ ይደክማል፤ ወደ 16 ሲወርድ ከምግብ ይርቃል፤ 11 እና 12 ዲግሪ ላይ ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። የወንጪና የደንዲ ውኃ በላይኛው ገጹ እንኳ 20 ዲግሪ አካባቢ የሚዋልል ነው። ቆሮሶው ይኖራል፣ ይራባል፣ ግን እየተቆጠበ ነው የሚኖረው። ከጫሞ ወይም ከዝዋይ ሐይቅ የመጣ ቆሮሶ አይቶ የለመደ ሰው እዚህ የሚያገኘው ቢያንስበት ሊገረም አይገባም።

ሌላም ነገር አለ። ያደገ ቆሮሶ ዋና ምግቡ ዓይን የማያየው አረንጓዴ የውኃ አልጌ ነው፤ እርሱን ከውኃው እያጣራ ይበላል። ትል ለእርሱ ትርፍ ነው፤ ሲርበውና ሲሞቀው ይበላዋል፣ ሲበርደው ይተወዋል። ሴቲቱ ደግሞ ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያስደንቅ ጠባይ አላት። ወንዱ በጥልቅ ባልሆነው ዳርቻ አሸዋውን በአፉ ጎድጉዶ ጎጆ ያበጃል፤ እርሷ እንቁላሏን ጥላ ወዲያው በአፏ ታነሣዋለች። እንቁላሉ የሚፈለፈለው አፏ ውስጥ ነው። ጫጩቶቹም መዋኘት እስኪችሉ ድረስ እዚያው ይቆያሉ፤ አደጋ ሲመጣም ተመልሰው ይገባሉ። ይህ ሁሉ ሁለት ሳምንት ገደማ ይወስዳል፤ በዚህ ጊዜ ሁሉ እናቲቱ ምግብ የምትቀምሰው ከስንት አንዴ ነው። በዚያ ሰሞን ከዳር ተቀምጦ መንጠቆ የሚጥል ሰው የሚሞክራቸው ዓሦች ከፊሉ አፋቸው በልጆቻቸው የተያዘ እናቶች ናቸው።

የወንዞቹ ነገር ይለያል። በጉደርና በገባሮቹ የሚገኙት በዋነኝነት የላቤዎባርበስ ዝርያዎች ናቸው፤ የጣና አስጋሪዎች ነጭ ዓሣ የሚሏቸው ዘመዶች። ከእነርሱ ጋር በድንጋይ ላይ ተጣብቆ አልጌውን የሚግጥ፣ በአገጩ ሥር መያዣ ያለው ትንሽ ዓሣ ይኖራል፤ እርሱን በመንጠቆ ለመያዝ መሞከር ጊዜ ማባከን ነው። ወደ ቆላው ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወረድ አምባዛ ይመጣል።

በጣና ዙሪያ በብዙ የተጠና ነገር አለ። ነጭ ዓሣዎቹ በክረምት፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ድረስ፣ እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉ ገባር ወንዞች ይወጣሉ፤ እንቁላላቸውን የሚጥሉት ንጹሕ ጠጠርና ብዙ አየር ያለው ፈሳሽ ውኃ ባለበት ነው። የወንዝ ዘመዶቻቸውም ጠጠርና ንጹሕ ፈሳሽ ውኃ ይፈልጋሉ። መስከረም ላይ የጉደርን ድፍርስ ውኃ እያየ «ትላልቆቹ የት ሄዱ?» የሚል ሰው አንዱን መልስ ከዚህ ያገኛል፤ ወደ ላይ፣ ወደ ጠጠሩ ሄደዋል። ሌላው መልስ አፈሩ ነው። ከታረሰው ተዳፋት ታጥቦ የወረደው አፈር ውኃውን ቡና መልክ ያለብሰዋል፤ በዚያ ውስጥ በዓይኑ ምግብ የሚፈልግ ዓሣ ትሉን ክንድ ያህል ርቀት ላይ እንኳ አያየውም። አፈሩ ጠጠሩንም ያለብሰዋል፤ በአፈር የተለበሰ ጠጠር ላይ የተጣለ እንቁላል አየር አጥቶ ይበላሻል። ስለዚህ በጉደር ተፋሰስ እርከን የሚሠራ ገበሬ፣ ሳያስበው፣ ለዓሣውም እየሠራ ነው። በድፍርስ ውኃ ከሁሉ የሚሻለው አምባዛ ነው፤ በአፉ ዙሪያ ያሉት ረጃጅም ጢሞች ይዳስሱለታል፣ ይቀምሱለታል፤ የሚያጠምደውም ሰው በምሽት በሥጋ ቁራጭ ቢሞክር ይሻለዋል።

የአምቦና የጉደር ልጆች ከተሰደዱባቸው አገሮች አንዷ ሚኒሶታ ናት፤ እዚያ ብዙ ኦሮሞዎች ይኖራሉ። ሚኒሶታ የሐይቅ አገር ነች፤ ዋልአይ የተባለው ዓሣ ከ1965 ጀምሮ (እ.ኤ.አ.) የግዛቷ መለያ ዓሣ ነው። እዚያም በረዶው ቀልጦ ፀደይ ሲገባ ሰዉ ዘንጉን ይዞ ይወጣል፤ እዚያም ብዙው ባዶ እጁን ይመለሳል። ምክንያቱ ከእኛ ብዙም አይርቅም። ዋልአይ እንቁላሉን የሚጥለው ውኃው ገና ከ6 እስከ 10 ዲግሪ ሳለ ነው፤ ግዛቷም የዋልአይን ማጥመጃ ወቅት እስከ ግንቦት አጋማሽ የምትዘጋው እንቁላሉን እስኪጥል ለመጠበቅ ነው። ባስ የተባለው ዓሣ ደግሞ ውኃው 15 ዲግሪን አልፎ እስኪሞቅ ጥልቅ ቦታ ላይ ተኝቶ ይጠብቃል፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ዳር ወጥቶ ጎጆውን የሚሠራው፣ ጎጆውንም የሚጠብቀው ወንዱ ነው። ልዩነቱ፣ እዚያ አጥማጁ ዘንጉን ከመወርወሩ በፊት የውኃውን ሙቀት በቴርሞሜትር ይለካል። ይህ ልማድ ወደ ወንጪና ወደ ደንዲ ቢመጣ ብዙ ባዶ ቀን ያድናል፤ ከፋርማሲ ከሚገዛው የሰውነት ሙቀት መለኪያ በስተቀር ውኃ የሚለካ ማንኛውም ቴርሞሜትር ይሆናል።

«እንግዲያው ለምን የቀዝቃዛ ውኃ ዓሣ አናስገባም?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ተሞክሯል፤ በሌላ ቦታ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከኬንያ የመጣ ትራውት የተባለ ዓሣ በባሌ ደጋ ወንዞች ተለቅቆ እስከ ዛሬ ይኖራል፤ ቀዝቃዛና ንጹሕ ውኃ ይስማማዋል። ለጉደርና ለሁሉቃ ግን አልመኘውም። ትራውት ትንንሽ ዓሦችን አድኖ የሚበላ ነው፤ በእነዚህ ወንዞች የሚኖሩት ነባር ዓሦች ደግሞ ገና በቅጡ ያልታወቁ ናቸው። ያልቆጠርነውን ሀብት ለሚበላ እንግዳ አሳልፎ መስጠት ተገቢ አይደለም።

ከዚህ የከፋው ግን ትዕግሥት ያጣ ሰው የሚያደርገው ነው። ብርብራ በኢትዮጵያ ብቻ የሚበቅል ዛፍ ነው፤ ጥላው ያማረ፣ ለቡናም ለመሬትም የሚጠቅም። ፍሬው ተወቅጦ ወንዝ ውስጥ ሲጨመር ግን ዓሣው በደሙ ያለውን አየር መጠቀም ይሳነውና ተገልብጦ ይንሳፈፋል። ይህ ከጥንት የመጣ፣ በብዙ የአገራችን ወንዞች የሚሠራበት ዘዴ ነው። ለአንድ ቀን እራት የሚያበቃ ዓሣ ሊያወጣ ይችላል፤ አብረው የሚሞቱት ግን ጫጩቶቹና ዓሣው የሚመገባቸው የውኃ ነፍሳት ናቸው። ቆሮሶ ባለበት ውኃ ሴቲቱ በአፏ የያዘችው ትውልድም አብሮ ይሄዳል። አገራችን የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ካወጣች ብዙ ዘመን ሆኗል፤ አዋጁ ግን በጉደር ገደል ውስጥ ብቻውን ሊቆም አይችልም። የሚጠብቀው ሰው ያስፈልጋል፤ ያም ሰው ወንዙ ዳር የሚኖረው ነው። መንጠቆ ጣዩም ከሚጠብቁት አንዱ ሊሆን ይገባል፤ ማንም ከእርሱ ቀድሞ የዓሣውን መጥፋት አያውቅምና።

ታዲያ መቼ ይጣል? በሐይቆቹ ላይ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ሌሊቱ ጠርቶ ውርጭ ይጥላል፣ ውኃው የያዘውን ሙቀት ይለቃል። ከየካቲት መጨረሻ በኋላ ፀሐይዋ እየበረታች ትሄዳለች፤ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ውኃው ከዓመቱ የተሻለ ይሞቃል። ያ ጊዜ ከሁዳዴ ጋር ይገጥማል፤ በጾሙ ዓሣ የሚበላው ሰው ስለሚበዛ የዓሣ ፍላጎት ከፍ የሚልበት ወቅት ነው። በቀኑ ውስጥም ሰዓት አለ። የሞቃት አገር አጥማጅ ጎሕ ሲቀድ ይወጣል፤ በደንዲ ግን ጎሕ ላይ መውጣት እጅ ማደንዘዝ ብቻ ነው። ከቀኑ 5 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ድረስ፣ ፀሐይዋ ጥልቅ ባልሆነው ዳርቻ ላይ በቀጥታ ስትወርድ፣ ቆሮሶው ለመሞቅ ወደዚያ ይመጣል፤ ሲሞቀው ይርበዋል። መንጠቆው ትንሽ ይሁን፤ የቆሮሶ አፍ ጠባብ ነው። ትሉም የመንጠቆውን ጫፍ ብቻ የሚሸፍን ይሁን፤ የተንጠለጠለውን ትርፍ እየበጠሰ ይሄዳልና።

በወንዞቹ ደግሞ ውኃው እስኪጠራ፣ እስከ ጥቅምት መጨረሻና ከዚያም ወዲያ፣ መታገሥ ነው። ዳር ቆሞ ጉልበት ያህል ጥልቀት ውስጥ ያለውን ጠጠር ማየት ከቻሉ ዓሣውም ትሉን ያያል። ከፏፏቴውና ከፈጣኑ ውኃ በታች፣ ፈሰሱ በሚያርፍበት ጥልቅ ቦታ ጠርዝ ላይ ቢጣል ይሻላል፤ ነጭ ዓሣው ከፈጣኑ ውኃ የሚወርድለትን ምግብ እዚያ ሆኖ ይጠብቃል።

ቆሮሶ ሲያዝ ከመንጠቆው እየፈቱት ሳለ ከአፉ እንቁላል ወይም ጫጩት ቢወጣ፣ እናት ናት ማለት ነው። እጅን በውኃ አርሶ፣ መንጠቆውን ቀስ ብሎ ነቅሎ፣ ከወጣው ጫጩት ጋር እዚያው ዳርቻ ላይ መልቀቅ ያስፈልጋል። ጥልቅ ውኃ ውስጥ አይወርወሯት፤ ጫጩቶቹ ተመልሰው ወደ አፏ ሊገቡ የሚችሉት አጠገቧ ካሉ ነው።