ወደ ውጭ አገር የመሄድ ትርፍና ኪሣራ፤ በአንድ የሆለታ ቤተ ሰብ ሂሳብ ሲመዘን

1. የጥያቄው አነሣሥ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአምቦ መንገድ የሚጓዝ ሰው ቡራዩን አልፎ ጥቂት እንደ ሄደ ሆለታ ይደርሳል። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ስላለው ብርድ ይበዛዋል፤ አገሩም የገብስ፥ የድንችና የወተት አገር ነው። ከሆለታ፥ ከሰበታ፥ ከቡራዩ ወይም ከሱሉልታ ለሚነሣ ወጣት ከቤት ወጥቶ መሥራት እንግዳ ነገር አይደለም፤ ጧት ወደ አዲስ አበባ ሄዶ ማታ የሚመለሰው ብዙ ነው። ነገር ግን ማታ የማይመለሱበት ጉዞ፥ ይኸውም ወደ ውጭ አገር የሚደረገው፥ ሌላ ዓይነት ሂሳብ ይጠይቃል።

ይህን ጉዳይ እንድንመረምር ያነሣሣን ከሩቅ የመጣ ነገር አይደለም። ከመካከላችን የአንዱ ታናሽ እህት ፓስፖርቷን አውጥታ ወደ ሳውዲ ዓረቢያ ለመሄድ ተሰናድታለች። አባቷ ለመንገዷ የሚሆን ገንዘብ ለማግኘት ከሁለቱ የሚታለቡ ላሞች አንዲቱን ለመሸጥ አስበዋል። እናቷ «ትሂድ» ለማለትም «ትቅር» ለማለትም ቸግሯቸዋል። ቤተ ሰቡ ለምክር ወደ ተማረው ልጅ ቢመለከት ልጁ የሚመልሰው አላገኘም፤ እኛም ጓደኞቹ ብንጠየቅ የምንመልሰው አልነበረንም። እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ «ሂዱ» ወይም «አትሂዱ» ብሎ ለመስበክ አይደለም፤ ሂሳቡ እንዴት ቢያዝ ትክክለኛ እንደሚሆን ለማስረዳት ነው።

2. ቀድሞ የሄዱት ከምን አተረፉ?

ስለ ውጭ አገር ጉዞ ጥቅም ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚጠቀሱት ተምረው የተመለሱት ሰዎች ናቸው። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ጦርነት በኋላ ገና ሕፃን ሳሉ በእንግሊዞች ወደ ህንድ ተወስደው ሕክምና ተማሩ፤ ወደ አገራቸው ከተመለሱም በኋላ በሕክምናም በመንግሥት ሥራም አገለገሉ። ኦነሲሞስ ነሲብ በልጅነታቸው በባሪያ ፈንጋዮች ተወስደው ምፅዋ ላይ ነፃ ወጡ፤ በስዊድንም ተምረው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተረጐሙ፤ ትርጕሙም በአውሮፓ አቈጣጠር በ1899 ታተመ። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ደግሞ በሩሲያ የመድፈኛነት ትምህርት ተምረው ተመለሱ፤ በ1923 ዓ.ም. የወጣውንም የመጀመሪያውን የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እርሳቸው ናቸው።

ከሦስቱ ሁለቱ የሄዱት በፈቃዳቸው እንዳልነበረ ልብ ይሏል። ሦስቱን የሚያመሳስላቸው መሄዳቸው ብቻ ሳይሆን በሄዱበት አንድ ሙያ መያዛቸውና ሙያውን ይዘው መመለሳቸው ነው። ትርፉ የተገኘው ከመንገዱ አይደለም፤ ከሙያውና ከመመለሱ ነው።

ሆለታም ራሷ ለዚህ ነገር አንድ ማስረጃ አላት። በ1927 ዓ.ም. የጦር ትምህርት ቤቱ በሆለታ ሲከፈት አስተማሪዎቹ ከስዊድን የመጡ መኮንኖች ነበሩ፤ አለቃቸውም ካፒቴን ቪኪንግ ታም ይባሉ ነበር። ከዚያ ቀደም ጥቂት ወጣቶች ለዚሁ ትምህርት ወደ ፈረንሳይ አገር፥ ወደ ሳን ሲር ተልከዋል። የኢጣልያ ጦር በመስከረም 1928 ዓ.ም. ወሰን ስለ ጣሰ የሆለታው ትምህርት እንደ ታሰበው አልተፈጸመም፤ ሆኖም ከዚያ የወጡ ወጣት መኮንኖች በወለጋ ከተቋቋመው ከጥቁር አንበሳ ጦር መሥራቾች ጋር ተቈጥረዋል። እንግዲህ ዕውቀት ሰውን ወደ ውጭ በመላክ ብቻ ሳይሆን አስተማሪን ወደ አገር በማምጣትም ይገኛል ማለት ነው።

የዛሬው ተጓዥ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ለትምህርት ሳይሆን ለደመወዝ ነው። ስለዚህ የተማሩትን ሰዎች ታሪክ ጠቅሶ የቤት ሠራተኛዪቱን ጉዞ ማመስገን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ማደባለቅ ይሆናል። የደመወዝ ጉዞ በደመወዝ ሚዛን መመዘን አለበት።

3. የሚታይ ገቢና የማይታይ ወጪ

ከውጭ የሚላክ ገንዘብ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ይታያል። አዲስ ቆርቆሮ፥ የተለሰነ ግድግዳ፥ የታናናሾች የትምህርት ቤት ክፍያ፥ የታመመ አባት መታከሚያ ሁሉም በዓይን የሚታዩ ናቸው። ጎረቤትም አይቶ «የእገሌ ልጅ ቤት ሠራች» ይላል። ይህ እውነት ስለ ሆነ ማቃለል አይገባም፤ በልጃቸው ገንዘብ ከችግር የወጡ ቤተ ሰቦች አሉ።

ወጪው ግን በብዙ ሰውና በብዙ ጊዜ ላይ ስለሚበተን ማንም ደምሮ አያየውም። ለዚህ የላሚቱ ነገር ጥሩ ምሳሌ ነው። አባት ላሚቱን ሸጠው ገንዘቡን ለመንገድ ሲሰጡ ወጪ ብለው የሚመዘግቡት የላሚቱን ዋጋ ብቻ ነው። ነገር ግን ላሚቱ ባትሸጥ ኖሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ወተቷ ይሸጥ ነበር፤ ጥጃም ትወልድ ነበር። የሆለታ ወተት ገበያው አዲስ አበባ ስለ ሆነ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የኢኮኖሚ ትምህርት የሚነግረንም ይህንኑ ነው፤ የአንድ ነገር እውነተኛ ዋጋ የከፈልነው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ስለ እርሱ ብለን የተውነው ጥቅም ጭምር ነው። በዚህ ዓይን ሲታይ ልጅቷ የምትተወው ትምህርት ወይም ሙያ፥ ከአያት ጋር የሚቀር ሕፃን፥ ሳይከፈል የሚቀር የዕቁብ ዕጣና የሚቋረጥ የዕድር ዝምድና ሁሉ ከወጪው ዓምድ መግባት አለባቸው። ከእነዚህም አንዳንዶቹ በማንኛውም አገር ገንዘብ የሚመነዘሩ አይደሉም።

4. አንድ ምሳሌ በቁጥር

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ቁጥሮቹ ለማስረጃ ያህል የመረጥናቸው ስለ ሆኑ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ በራሱ ቁጥር ሊተካቸው ይችላል።

አንዲት ሠራተኛ ለ24 ወር ውል ገብታ በወር 1,000 የሳውዲ ሪያል ይከፈላታል እንበል። ጠቅላላ ደመወዟ 24,000 ሪያል ይሆናል። ለመንገድ የተበደረችው የ4 ወር ደመወዝ ቢወስድ፥ በሕመም ወይም ሥራ በመለወጥ ምክንያት 2 ወር ሳይከፈላት ቢያልፍ፥ 18,000 ሪያል ይቀራል። ለስልክ፥ ለልብስና ለልዩ ልዩ ነገር በወር 150 ሪያል ብታወጣ በ24 ወር 3,600 ይሆናል፤ 14,400 ይቀራል። ከዚህም ውስጥ ደመወዝ በምታገኝባቸው በ18ቱ ወሮች ለቤተ ሰቧ ቀለብ በየወሩ 400 ብትልክ 7,200 ይሆናል፤ ለራሷ የሚቈይላት 7,200 ሪያል ነው። ይህም ለ24 ወር ሲካፈል በወር 300 ሪያል ይደርሳል። እንግዲህ ስትሄድ «1,000» ተብሎ የተነገራት ገንዘብ ስትመለስ በእጇ የሚገኘው 300 ሆኖ ነው። ለቀለብ የተላከው ጠፋ አንልም፤ ሰው በልቶበታል። ነገር ግን ሱቅ የሚከፈተው ወይም ላም የሚገዛው በቀሪው ነው።

በዚህ ላይ የምንዛሪ ነገር አለ። የሳውዲ ሪያል ለአንድ የአሜሪካ ዶላር 3.75 ሆኖ የቆመ ስለ ሆነ 7,200 ሪያል 1,920 ዶላር ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከማድረጉ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ያህል ስለ ነበረ ይህ ገንዘብ 109,440 ብር ያህል ይሆን ነበር፤ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ዶላሩ 100 ብር ሲደርስ ያው ገንዘብ 192,000 ብር ሆነ። የብሩ ቁጥር ስለ በዛ ብቻ ትርፉ በዚያው ልክ በዛ ማለት ግን አይደለም። የብሩ ዋጋ ሲወርድ ከውጭ የሚገባው ብረትና ቆርቆሮም ይወደዳል። ስለዚህ ቤተ ሰቡ «ስንት ብር ሆነ?» ከማለት ይልቅ «ስንት ቆርቆሮ፥ ስንት ላም ይገዛል?» ብሎ ቢጠይቅ ይሻላል።

5. ሕጉ ምን ይላል?

በምሳሌአችን ከሁሉ የከበደው የ4 ወሩ ዕዳ ነው። ይህ ዕዳ ግን አብዛኛው ሕግን ካለማወቅ የሚመጣ ነው። መንግሥት ወደ ዓረብ አገሮች የሚደረገውን የሥራ ጉዞ በ2006 ዓ.ም. ከልክሎ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 923 ወጣ፤ በ2010 ዓ.ም. እገዳው ተነሣ፤ አዋጁም በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1246 ተሻሻለ። በአዋጅ ቁጥር 923 መሠረት የመግቢያ ቪዛ፥ የደርሶ መልስ መጓጓዣ፥ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ እንዲሁም የመድን ወጪ በአሠሪው ላይ ነው የሚወድቀው። ሠራተኛው የሚከፍለው የፓስፖርት፥ የሕክምና ምርመራና ክትባት፥ የልደት ማስረጃ፥ የሰነድ ማረጋገጫና የሙያ ብቃት ማስረጃ የመሳሰሉትን ነው። ሠራተኛም የሚላከው የሁለትዮሽ ስምምነት ወደ ተፈረመበት አገር ነው።

እንግዲህ አንድ ደላላ ለአውሮፕላን ቲኬትና ለቪዛ ብሎ ላም የሚያሸጥ ገንዘብ ቢጠይቅ፥ ወይም መንገዱ ሕጋዊው አይደለም፥ ወይም አሠሪው የከፈለውን ሁለተኛ ጊዜ እያስከፈለ ነው። ይህን አንድ ነገር ማወቅ ብቻ የአራት ወር ደመወዝ ያድናል።

6. የመመለስ ነገር

የሂሳቡ የመጨረሻ ዓምድ መመለስ ነው። «ከአገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፥ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ» የሚለው ተረት የተጓዡን ትዕግሥት ብቻ ሳይሆን የመብቱንም ማነስ ይናገራል። ካፋላ በሚባለው ሥርዓት የሠራተኛዪቱ ኢቃማ፥ ማለት የመኖሪያ ፈቃዷ፥ ከአሠሪዋ ጋር የተያያዘ ነው፤ ክፉ ቤት ገጥሟት ብትወጣ ከሥራዋ ጋር ሕጋዊነቷንም ታጣለች። ሳውዲ ዓረቢያ በ2013 ዓ.ም. ይህን ሥርዓት ስታሻሽል የቤት ሠራተኞች በማሻሻያው አልታቀፉም ነበር።

ሕጋዊነት ያጣ ሰው የሚመለስበትን ቀን ራሱ አይመርጥም። በ2006 ዓ.ም. ሳውዲ ዓረቢያ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን ስታስወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል። ከእነርሱ መካከል ያጠራቀሙትን ሳይዙ፥ ዕዳቸውንም ሳይጨርሱ አውሮፕላን ላይ የወጡ ነበሩ። በእኛ ምሳሌ ቢሆን፥ በ6ኛው ወር የተመለሰች ልጅ አራቱን ወር ለዕዳ፥ ሁለቱን በከንቱ አሳልፋ ባዶ እጇን ትመጣለች፤ ላሚቱም የለችም።

7. ጽጌረዳውና ሰው

በሆለታ ዙሪያ የጽጌረዳ እርሻዎች አሉ። ከዚያ የሚቈረጠው አበባ ወዲያው ወደ ማቀዝቀዣ ይገባል፤ በቀዝቃዛ መኪና ቦሌ ይደርሳል፤ በአውሮፕላንም ወደ አውሮፓ፥ በተለይም ወደ ሆላንድ ገበያ ይሄዳል። በየደረጃው ወረቀት አለው፤ በየደረጃው የሚጠየቅበት ሰው አለ፤ ቢጠወልግ ማን እንደሚከስር አስቀድሞ ይታወቃል። ከዚያው ቀበሌ የምትነሣ ልጅ ግን አንዳንድ ጊዜ የአሠሪዋን ስም እንኳ ሳታውቅ ትሄዳለች። ለጽጌረዳው የሚደረገው ጥንቃቄ ለልጅቷ ሊያንሳት አይገባም። የእኛም አሳብ በአጭሩ ይኸው ነው፤ ጉዞው የሚጠቅም ወይም የሚጎዳ የሚሆነው በመሄድና በመቅረት ብቻ ሳይሆን በአካሄዱ ነው።

8. መደምደሚያ

ከላይ ከተመለከትነው አራት ጥያቄዎች ይወጣሉ። 1ኛ፥ የመንገዱን ወጪ የሚከፍለው ማን ነው? 2ኛ፥ በውሉ ላይ የአሠሪው ስም፥ ደመወዙና የሥራው ጊዜ በግልጽ ተጽፈዋልን? 3ኛ፥ ከየወሩ ደመወዝ ለቀለብ የሚላከውና ለራስ የሚቀመጠው ተለይቷልን? 4ኛ፥ በተመለሱ ጊዜ የሚሠራው ሥራ ምንድን ነው? ለአራቱም መልስ ያለው ሰው ቢሄድ ሂሳቡን አውቆ ይሄዳል፤ ለሁለቱ እንኳ መልስ የሌለው ቢቆይ ይሻለዋል ብለን እናምናለን።

ይህን ሁሉ ከጻፍን በኋላ ከጓደኛችን እህት ጋር አንድ እሑድ ተቀምጠን ቁጥሩን በራሷ ቁጥር እየተካን ሠራነው። እርሷም ለመሄድ ያላትን አሳብ አልተወችም፤ እኛም እንድትተው አልጠየቅናትም። ነገር ግን ከደላላው ጋር የነበራትን ቀጠሮ ትታ የሙያ ብቃት ሥልጠናውን ለመጨረስና በሕጋዊ ኤጀንሲ በኩል ውሉን አይታ ለመፈረም ቈርጣለች። አራተኛውን ጥያቄ ስንጠይቃት ጥቂት አስባ፥ ወተት ሰብስቦ መሸጥ እንደምትፈልግ ነገረችን። አባቷም ይህን ሲሰሙ ላሚቱን ለመሸጥ የነበራቸውን አሳብ ለጊዜው አቆዩት።

በሂሳባችን የተሳሳትነው ወይም የዘለልነው ነገር ቢኖር መምህራኖቻችንና ጓደኞቻችን እንዲያርሙን እንለምናለን፤ ይህን መሰል ምክር የሚጠብቅ ቤተ ሰብ የሌለው ተማሪ በመካከላችን ጥቂት ነውና።