ከጡት ካንሰር ሕክምና በኋላ ክንድን ወደ ሥራው ስለ መመለስ



ሕመምን ማዳን አንድ ነገር ነው፤ የዳነውን ሰው ወደ ሥራው መመለስ ደግሞ ሌላ ነው። ይህን ለመረዳት ከኮልፌ ቀራንዮ ርቆ መሄድ አያስፈልግም። በ1958 ዓ.ም. በዘነበ ወርቅ የተቋቋመው አለርት፣ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ሲረዳ በመድኃኒት ብቻ አልተወሰነም፤ እጃቸውን በልምምድ ያፍታታ፣ ለተጎዳ እግራቸውም ልዩ ጫማ ያሠራላቸው ነበር። ተሐዋሲው ቢሞት የታጠፈው ጣት በራሱ አይዘረጋምና።

ይኸው ትምህርት ዛሬ ለጡት ካንሰር ሊውል ይገባል። በአገራችን ሴቶችን ከሚይዙት የካንሰር ዓይነቶች ሁሉ የሚበዛው ይህ ነው። በቀዶ ሕክምናው ጊዜ፣ ከክንድ የሚመለሰውን ውሃማ ፈሳሽ የሚያጣሩት የብብት ዕጢዎች ብዙ ጊዜ አብረው ይወጣሉ፤ የጨረር ሕክምና ሲጨመርበትም ሥጋው ይጠነክራል። በዚህ ምክንያት ትከሻ ይደርቃል፤ ፈሳሹም መውረጃ ሲያጣ ክንድ ያብጣል። የብብት ዕጢዎቻቸው ከወጡላቸው ሴቶች ከአምስቱ አንዲቱን ያህል ይህ እብጠት ያገኛታል፤ አብዛኛውን ጊዜም የሚጀምረው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ውስጥ ነው።

እንግዲህ ሁለት ሴቶችን አስቡ፤ አንዲቱ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ፣ ሌላይቱ በአጠና ተራ አካባቢ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ። የሁለቱም ቁስል ደርቋል እንበል። ጸሐፊይቱ የሕመም ፈቃድ ስላላት ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ልትመላለስ ትችላለች። ጋጋሪይቱ ግን ሐኪም ቤት በዋለችበት ቀን ገቢ የላትም፤ እብጠቱን የሚገታውን ጠባብ እጅጌ ለመግዛትም አቅሟ አይፈቅድም። ባለሙያዎቹ በአዲስ አበባና በትልልቅ ከተሞች የተሰበሰቡ በመሆናቸው፣ ከገጠር የመጣችይቱ ዕድል ከዚህም ያነሰ ነው። ስለዚህ በክንዷ የምታድረው ሴት ለክንዷ የሚሰጠውን ሕክምና ከሁሉ አንሶ ታገኘዋለች ማለት ነው።

ሆኖም ከሕክምናው ትልቁ ክፍል መሣሪያ አይሻም። ሐኪሙ ሲፈቅድ ትከሻን ማዞር፣ ጣቶችን በግድግዳ ላይ እያስኬዱ ክንድን ቀስ በቀስ ወደ ላይ ማድረስ፣ ይህንም በየቀኑ መደጋገም ነው። ቀድሞ «ዕቃ አታንሺ» የሚለው ምክር የተለመደ ነበር፤ ነገር ግን በ2001 ዓ.ም. በአሜሪካ የታተመ ጥናት፣ በባለሙያ እየተመሩ ክብደትን በጥቂት በጥቂቱ ማንሣት እብጠቱን እንደማያብስ አሳይቷል። ይልቁንስ ቆዳን ከምጣድና ከቢላዋ መጠበቅ ያስፈልጋል። ክንድ ቢከብድ ወይም ቀለበት ቢጠብ ሳይዘገዩ ለሐኪም ማሳየት፣ ክንዱ ቢቀላና ቢያተኩስ ግን በዚያው ዕለት መሄድ ይገባል።

ስለዚህ ልምምዱ ከቀዶ ሕክምናው አስቀድሞ ለእያንዳንዷ ሕመምተኛ ቢታያት፣ በሥዕል የተብራራ ወረቀት ቢሰጣት፣ ለሰፈሯ በሚቀርበው ጤና ጣቢያም የሚከታተላት አንድ የሠለጠነ ሰው ቢኖር፣ ልዩነቱ በብዙ ይጠብ ነበር።

እናንተም የመንግሥት ሠራተኞች ድርሻ አላችሁ። ከሕክምና የተመለሰች ባልደረባችሁ ለልምምድ ፈቃድ ስትጠይቅ «ቁስሉ ድኗል» ብላችሁ አትመልሷት። ፈቃድ የሚሰጣት አለቃ ለሌላት ጎረቤታችሁ ደግሞ ይህን ያነበባችሁትን ንገሯት።